ጨረቃን ዞረው የተመለሱ ለት

ለንደን ውስጥ ከማውቃቸው አበሾች ግማሾቹ የተወለዱት ጃንዩወሪ አንድ ነው። እየቀለድኩ አይደለም፤ ወረቀታችን እንደዚያ ይላል። ስደተኛ ሆነን ስንገባ የተወለድንበትን ቀን ለማናውቅ ሁሉ የኢሚግሬሽኑ ሰውዬ ዓመቱን ከኛ ጠይቆ ቀኑን ከራሱ ጨመረልን። እኛም የጃንዩወሪ አንዶች ማኅበር አቋቁመን በየዓመቱ ብሪክስተን፣ ጓደኛዬ ቤት፣ ዶሮ እንበላለን። ይሳቃል፣ ይጨፈራል። እኔን ግን ውስጥ ውስጡን ያንገበግበኝ ነበር። ሰው እንዴት አንዲት የራሱ ቀን አትኖረውም?

እማዬን አዲስ አበባ ደውዬ ስጠይቃት መልሷ አንድ ነው። «ሰዎቹ ከጨረቃ የተመለሱ ለት ነዋ! የገብርኤል ዋዜማ።»

የጨረቃውን ነገር የማያውቅ የለም። ኢንተርኔት ላይ ቼክ ባደርግ፣ ጨረቃ ላይ ወርደው የተመለሱት በኛ አቆጣጠር በስልሳ አንድ፣ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። ሐምሌ ዐሥራ ዘጠኝ ደግሞ ገብርኤል! ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? አርባኛ ዓመቴን በገዛ ቀኔ ላከብር ቆረጥኩ። እማዬንም አስመጣኋት።

ቀኑ ደረሰ። ዊልስደን ያለችው ፍላቴ በሰው ጢም አለች። ውጭ ይዘንባል፤ እማዬ ጋቢዋን ተከናንባ ሂተሩ ሥር ተቀምጣ «ይሄ ነው በጋችሁ?» ትላለች። የብሪክስተኗ ጓደኛዬ ጨረቃ የሚመስል ድቡልቡል ነጭ ኬክ ጋግራ መጣች። «ማኅበራችንን ጥለሽ ልትወጪ ነው አሉ፤ ከሃዲ!» አለችኝ ገና ከበሩ።

እንግዶቹ እንደ ልማዳቸው የዘጠና ሰባቱን ምርጫ አንሥተው ሊካረሩ ሲሉ ጓደኛዬ ቶሎ ብላ ወደ እማዬ ዞረች። «እማማ፣ እስቲ እሷ የተወለደች ለት እንዴት እንደነበር ያጫውቱን።»

እማዬ ደስ አላት። «እሷ ዱብ እንዳለች ገንፎ ተገነፋልኝ። ቅቤው ግቢውን አወደው! ያ ሁሉ ጾመኛ ምራቁን እየዋጠ በበሬ ይመላለሳል። አራስ አትጾም፤ እኔ ብቻ እሰለቅጣለሁ።»

ከእንግዶቹ አንዱ፣ አገር ቤት ሳለ ዲያቆን የነበረ፣ አሁን ባተርሲ በኩል አውቶቡስ የሚነዳ ሰው፣ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፤ በሐምሌ ገብርኤል ምን ጾም አለ? የሐዋርያት ተፈቷል፣ ፍልሰታ ገና አልገባም።»

«ማነው ሐምሌ ያለው? የታኅሣሡ ገብርኤል ነው እንጂ! የገና ጾም ላይ።»

«ኧረ እማዬ!» አልኩ፤ «ጨረቃ ላይ የወረዱት እኮ በሐምሌ ነው!»

«እኔ መቼ ወረዱ አልኩሽ? ተመለሱ ነው ያልኩሽ። ጨረቃዋን ዞረው ተመለሱ።»

ዲያቆኑ ላፕቶፔን ከፍቶ ፈለገ። እውነቷን ነው! ከመውረዱ ወራት ቀደም ብሎ፣ በዚያው በስልሳ አንድ፣ ሦስት ሰዎች ጨረቃን ዞረው ታኅሣሥ ላይ ተመልሰዋል፤ ያውም በገብርኤል ዋዜማ። በፈረንጆቹ ሲታሰብ ጃንዩወሪ አንድ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው። ያ ስረግመው የኖርኩት የኢሚግሬሽን ሰውዬ ለካ ለጥቂት ነው የሳተው!

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «ከሃዲዋ፣ እንኳን ደህና ተመለስሽ!» ብላ ጓደኛዬ እላዬ ላይ ተጠመጠመች። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ቢላዋውን እንደያዝኩ እንባዬ መጣ።

«ምን ሆንሽ አንቺ?» አለች እማዬ።

«ዛሬም ቀኔ አይደለም ማለት ነዋ።»

አጠገቧ አስቀመጠችኝ። «እኔ እኮ ስለ ጨረቃው ምን ገዶኝ? ምጡ ጠንቶብኝ ሴቶቹ ተስፋ ቆርጠውብኝ ነበር፤ ሲንሾካሾኩ እሰማለሁ። በመስኮቱ ደግሞ የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል። የግቢው ሰው በሙሉ ‹እነዚያ ሰዎች እንኳ አይመለሱም› ይላል። እናት አላቸው ብዬ አንጀቴን በሉት። አመሻሹ ላይ ተመለሱ ሲባል፣ እነሱ ከዚያ ከተመለሱ እኔ ከዚህ አልጋ ምን ያስቀረኛል ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። ከዚያ አንቺ መጣሽ።»

ያን ሁሉ ዓመት ቀኔ፣ ቀኔ ስል፣ የሷም ቀን መሆኑን አንዴም አላሰብኩም። ቢላዋውን አብረን ይዘን ኬኩን ቆረጥነው። እሷ ሁለት ጊዜ አስጨመረች።

እማዬ ወደ አገሯ ተመለሰች። ታኅሣሥ ሲመጣ፣ በገብርኤል ዋዜማ አመሻሹ ላይ ደወልኩላት። «እንኳን ተወለድሽልኝ» ልትለኝ ስትል ቀደምኳት።

«እማዬ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ!»

አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማኋት። ከዚያ በሳቅ ፍርስ አለች።

«ታዲያ ገንፎው የታለ?»