ያልገጠመ ጠርዝ

ይህ የሆነው የዛሬ ስድስት ዓመት ግድም፣ ጂንካ ውስጥ በአንድ ትንሽ የጥርስ ክሊኒክ ስሠራ ነው። ለማንም ተናግሬው ስለማላውቅ ይሆናል ከአእምሮዬ የማይወጣው።

ወንጌላዊ ማቴዎስ የሚባሉ ሰባኪ መንጋጋ ጥርሳቸው ተሰንጥቆ ከአልዱባ መጡ። ሥሩን አከምኩና ክራውን እንዲሠራላቸው ተስማማን። ክራውን ጥርሱን እንደ ቆብ ይሸፍነዋል። መጀመሪያ ጥርሱ ዙሪያውን ይሞረዳል፤ ድዱ አጠገብ ደግሞ የክራውኑ ጠርዝ የሚያርፍበት ትንሽ እርከን ይወጣለታል። ያን ቀን ወረፋ በዝቶብኝ ነበርና እርከኑን ሳላወጣ ጥርሱን እንዲሁ አሹዬ ተውኩት። ልኩን ወስጄ ክራውኑ ወደሚሠራበት አዲስ አበባ ላክሁ።

ክራውኑን የሚሠራው ልጅ ደውሎ "ጥርሱ የት ጋ እንደሚያልቅ አይታየኝም፣ ልኩን ድገሚው" አለኝ። እኒያን ትልቅ ሰው ተሳስቻለሁ ብዬ መልሼ መጥራት አሳፈረኝ።

"በግምት ጨርሰው" አልኩት።

ክራውኑ መጣና አጣበቅሁላቸው። በመስታወት አይተው መረቁኝ። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው።

በወሩ ድዳቸው ቀልቶ ተመለሱ። ጠርዙን እንኳ በመሣሪያ ሳልፈትሽ፣ በደንብ ስለማያጸዱት ነው አልኳቸው። መፋቂያውንም ትተው በብሩሽ እንዲጠቀሙ አዘዝኩ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ከአፋቸው ያልተለየውን መፋቂያ በእኔ ቃል ተዉት። ሁለተኛ ሲመጡም ያንኑ ደገምኩላቸው።

ሦስተኛ ሲመጡ ጉንጫቸው አብጦ ነበር። ክራውኑን ሳነሳው ከሥሩ ያለው ጥርስ በስብሷል። ጠርዙ ጥርሱ ላይ ሳያርፍ፣ በክፍተቱ ምግብ ሲገባ ከርሟል። ከመንቀል ሌላ ምርጫ አልነበረኝም።

ነቅዬ ስጨርስ "ዶክተር፣ አንቺማ ለፍተሻል። እኔ ነኝ ያልጠበቅሁት" አሉኝ።

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። የወጣኝ ግን "ጥጡን ነክሰው ይያዙ" የሚል ነው።

ከወራት በኋላ ጂንካ እኛ ቤተ ክርስቲያን ሊሰብኩ መጡ። ስለ ቸልተኝነት ሲያስተምሩ በእጃቸው ወደ እኔ አመለከቱ። "ይቺ እህት ለፍታ የሠራችልኝን ጥርስ በስንፍናዬ አበላሸሁት" አሉ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ አንዳንዱም ፈገግ አለልኝ። እኔም ፈገግ አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ጠርዙን ሳልፈትሽ ያጣበቅሁት ክራውን የለም። ሰው ጎበዝ ነሽ ሲለኝ ግን አፍራለሁ። ወንጌላዊው አሁንም በየመንደሩ እየዞሩ ይሰብካሉ፤ ያንን ምሳሌ ዛሬም እንደሚጠቅሱት ሰምቻለሁ። ስልካቸው አለኝ። አልደወልኩም።