እትዬ ምስማር ቡችላ መረጡ

እትዬ ምስማር ይህን ስም ያገኙት ከአፋቸው ነው። ሶፋ ሲያለብሱ ትናንሾቹን ምስማሮች በከንፈራቸው ይይዛሉ። ምላሳቸው አንድ በአንድ ያቀብላል፣ ጣታቸው ይቀበላል፣ መዶሻው ይከተላል፤ ጨርቁም እንጨቱ ላይ ልክክ ይላል። በዚያ ሰዓት የሚያናግራቸው ሰው መልሱን የሚያገኘው ከቅንድባቸው ነው። ሟች ባለቤታቸው “እኔ ያገባሁት ቅንድብ ነው” እያሉ ይቀልዱ ነበር።

የሥራ ቦታቸው የቤታቸው የፊት ክፍል ነው። ሆዳቸው የተከፈተ ወንበሮች፣ ሞላቸው ፈንጥሮ የወጣ ሶፋዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተራ ይጠብቃሉ። ሰው ሲቀመጥበት ከኖረ ወንበር ውስጥ የማይወጣ ነገር የለም፤ የፀጉር ማስያዣ፣ የጠፋ ቀለበት፣ አንዴማ የሕፃን ጥርስ። ወለሉ ላይ የስፖንጅ ቁርጥራጭ ቢጫ ደመና ከሰማይ የወረደ ይመስል ተበታትኖ ይውላል።

ጆሯቸው ከደከመ ቆየ። ያደከመው መዶሻው ነው የሚሉ አሉ። እሳቸው ግን “ወሬ በዝቶበት ነው የተዘጋው” ይላሉ።

አንድ ልጅ አለቻቸው። የምትሠራው ኢንሹራንስ ቤት ነው፤ ምን ሊቃጠል፣ ምን ሊሰበር፣ ማን ሊወድቅ እንደሚችል ስታስብ ትውላለች። አንድ ከሰዓት በኋላ የእናቷን በር እጇ እስኪዝል አንኳኳች። እናት ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ሥራቸውን ይሠራሉ። በመጨረሻ በራሷ ቁልፍ ከፍታ ገባችና ፊታቸው ቆማ ጮክ ብላ ጠየቀች።

“ሌባ ብሆን ኖሮስ?”

እናት ምስማሮቹን መዳፋቸው ላይ ተፏቸው። “ሌባ አያንኳኳም።”

“እየቀለድኩ አይደለም እማዬ። እኔ ጋ ትገቢያለሽ። የጓሮው ክፍል ባዶ ነው፤ አርፈሽ ትቀመጫለሽ።”

“አርፎ የሚቀመጥ ሰው ጥሩነቱ ለእኔ ነው፤ ወንበር ቶሎ ይጨርሳል።” ምስማሮቹን መዳፋቸው ላይ ተፏቸው። “ጆሮ ከጎደለኝ ጆሮ አመጣለሁ። ቡችላ አሳድጋለሁ።”

“ቡችላ እኮ እንደ ሕፃን ነው።”

“ሕፃን አሳድጌማ አውቃለሁ። ይኸው ቆማ ትቆጣኛለች።”

ክርክሩ እየተራዘመ ሄዶ በስምምነት አለቀ። ቡችላው ክትባቱን እስኪጨርስ ጤነኛ ሆኖ ካደገ እናት ከቤታቸው ንቅንቅ አይሉም። ከታመመ ወይም ከሞተ ግን ሻንጣ ይያዛል። እትዬ ምስማር “እሺ” አሉ። 

መጀመሪያ የሄዱት የእንስሳት ሐኪሟ ዘንድ ነበር። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ሳይታመምባቸው የሚመጡ ሰዎች ስለማያጋጥሟት ደስ ብሏት አስረዳቻቸው። ሁለት ወር ሳይሞላው ከእናቱ አይለዩት። እናቱንም ይዩዋት። ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ድዱ ሮዝ፣ ጆሮው የማይሸት፣ ከጅራቱ ሥር ንጹሕ ይሁን።

ጣውላ ሻጭ ጎረቤት አላቸው፤ ውሻዋ የወለደችው እሱ ግቢ፣ ከጣውላው ክምር ጀርባ፣ ሰጋቱራ ላይ ነበር። እትዬ ምስማርና ልጃቸው ሲገቡ ቡችሎቹ እየተንከባለሉና እየተረጋገጡ ወጡ። ጣውላ ሻጩ አንዱን በሁለት እጁ ከፍ አደረገው።

“እትዬ፣ ይሄን ይውሰዱ። ሆዱን አይተውታል? የጌታ ልጅ ነው የሚመስለው።”

እትዬ ምስማር የቡችላውን ጎድን ዳሰሱ። “ሌላው አጥንት፣ ሆዱ ብቻ ከበሮ። ይሄ የትል ቤት ነው። መድኃኒት ስጠው።”

“ኧረ እትዬ፣ ቡችላ ነው ሙሽራ የሚመርጡት?”

“ሙሽራ ስመርጥማ ድድ አላየሁም፤ ኋላ ነው የቆጨኝ።”

ልጅቷ ከማዕዘን ተቀምጣ ነበር። ውሻ አልፈልግም ብላ የመጣችው ሴት፣ ዓይኑ እዥ የቋጠረ፣ እየተንቀጠቀጠ የሚያስል አንድ ጥቁር ቡችላ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣለች።

“እማዬ፣ ይሄን እንውሰደው። ያሳዝናል።”

እናትየው ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት።  “ያሳዝናል። እኔ ግን ሐዘን ልደርስ አልመጣሁም።” ወደ ጣውላ ሻጩ ዞሩ። “አንተ፣ ይሄንን ዛሬውኑ ለሐኪም ታሳያለህ። ካላሳየህ ጣውላ ከሌላ ነው የምገዛው።”

“ጨካኝ ነሽ” አለች ልጅቷ።

“ነኝ።”

ከዚያ የቤታቸውን ቁልፍ አውጥተው፣ ቡችሎቹ ወዲያ ሲዞሩ ጠብቀው ሲሚንቶው ላይ ጣሉት። እሳቸው የቁልፉን ድምፅ አልሰሙም፤ ግን አዩት። የቡችሎቹ ጆሮ ሁሉ ነፋስ እንደነካው ቅጠል ብድግ አለ። ድምፅ ይታያል ቢባል ማን ያምናል? እትዬ ምስማር ስንት ዘመን አጠገባቸው ሲያልፍ የኖረውን ነገር ፊት ለፊት አዩት፤ ባሉበት ደርቀው ቀሩ።

ከሁሉ ቀድሞ የዞረው አንድ ቡናማ ነበር። ዞሮም አልቀረ፣ ሮጦ መጥቶ ቁልፉን በአፉ አነሳው።

“ይሄ ጆሮውም አፉም ይሠራል” አለ ጣውላ ሻጩ።

እትዬ ምስማር ከንፈሩን ገልጠው ድዱን አዩ፤ ጆሮውን አሸተቱ፤ ጅራቱን ብድግ አደረጉ፤ አስሮጡት። አያነክስም። ሆዱ እንደ ጥሩ ትራስ ነው፤ ጫን ሲሉት ይሰረጉዳል፣ ሲለቁት ይመለሳል።

“ስሙ ጆሮ ነው” አሉ።

“‘ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው’ ይባላል እኮ እትዬ።”

“የድሮውማ ባዳ ሆነብኝ። ይሄን አለምደዋለሁ።”

አለመዱትም። የትል መድኃኒቱንና የመጀመሪያውን ክትባት አሰጡት። ሐኪሟ የላም ወተት ሆዱን ያበላሸዋል ስላለች ጎረቤት በሳህን ያመጣውን ወተት ራሳቸው ጠጡት። ምግቡን ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ደጋግመው ሰጡ። ክትባቱ ሳያልቅ መንገድ እንዳይወጣ ደጃፉን በጣውላ ከለሉ። መኝታው እግሩ የተቆረጠ ባለ መደገፊያ ወንበር ሆነ፤ ከደንበኞቻቸው ሶፋ ይልቅ የሱ ይመች ነበር። መጀመሪያ ሰሞን እናቱን እየፈለገ ሲያለቅስ አልሰሙትም። አንድ ቀን ግን መዳፋቸውን የወንበሩ እንጨት ላይ ቢያሳርፉ እንጨቱ ይንቀጠቀጣል። ልቅሶውን በእጃቸው ሰሙት። ከዚያ ወዲህ ሥራ በሠሩ ቁጥር አንድ እግራቸው ከሱ ወንበር አይለይም።

አንድ ጠዋት ጆሮ በሩ ድረስ ሮጦ፣ ተመልሶ የቀሚሳቸውን ጠርዝ ጎተተ። ሄደው ከፈቱ። አንዲት ደንበኛ ለማንኳኳት እጇን እንዳነሳች ቆማለች። እትዬ ምስማር ምን እንደፈለገች ሳይጠይቁ ሳሟት።

እሳቸው የሚፈሩት ምስማር ነበር። ከሥራ በኋላ ማግኔት በገመድ አስረው ወለሉን ሁሉ ይጎትቱበታል፤ አንዲት እንኳ አታመልጥም። ጠላት ሁሉ ሹል የሚመስላቸው ሰው ሆኑና ስፖንጁን ረሱት። ለስላሳ ነገር ይገድላል ብሎ ማን ያስባል?

ጆሮ አንድ ማለዳ ከወንበሩ አልተነሳም። አስመለሰው፤ ከትውከቱ ጋር ቢጫ ፍርፋሪ ወጣ። ሆዱ ደርቋል፣ ድዱ ነጥቷል። በሽርጣቸው ጠቅልለው ወደ ክሊኒኩ በረሩ።

“ስፖንጅ ውጧል” አለች ሐኪሟ። “ከወጣለት ወጣለት። ካልወጣ ሆዱን መክፈት ነው። እዚህ ይቆይ እማማ፤ እደውላለሁ።”

“ጥፋቱ የእኔ ነው” አሏት።

ወሬ እግር አለው። ጣውላ ሻጩ ሲሮጡ አይቶ ለልጃቸው ደውሏል። ልጅቷ ትልቅ ሻንጣ እየጎተተች በራሷ ቁልፍ ገባች። እናትየው ወለሉ ላይ ተንበርክከው ስፖንጅ ይለቅማሉ።

“እማዬ፣ ተስማምተን ነበር።”

“ተስማምተን ነበር።”

“ታሟል።”

“ታሟል። ያሳመምኩትም እኔ ነኝ።”

“ታዲያ?”

“ታዲያ አልሄድም።”

ልጅቷ ሻንጣዋ ላይ ቁጭ አለች። “ቃልሽን ልትበዪ ነው?”

“ልበላው ነው። እሺ ብዬ ነበር፤ አሁን እምቢ ብያለሁ። ቤቴን በቡችላ ሆድ ማስያዝ አልነበረብኝም።” ስፖንጁን መልቀም አላቆሙም። “አንቺ በሁለት ዓመትሽ የሶፋ አዝራር ውጠሻል። እዚሁ፣ አሁን እግርሽ ያለበት ላይ። አክስትሽ ‘ይሄ ቤት ልጅ አያሳድግም፣ ለእኔ ስጪኝ’ ብላ መጣች። መዶሻ ይዤ ነው እስከ በር የሸኘኋት። ከዚያ ወለሉን ጠረግሁ።”

“ያኔ ጆሮሽ ይሰማ ነበራ።”

“የታነቀ ሰው ድምፅ የለውም። ያየሁሽ በዓይኔ ነው።”

 ልጅቷ አንዴ ወደ በሩ፣ አንዴ ወደ እናቷ ጉልበት አየች።

ጠረጴዛው ላይ ስልኩ እየተርገበገበ ወደ ጠርዙ ተጓዘ። ልጅቷ አነሳችው። እትዬ ምስማር ፊቷን አዩ፤ ከፊቷ ላይ ለማንበብ ሞከሩ፤ አልተነበበላቸውም። እጃቸው ያለው ስፖንጅ ተጨምቆ ጠፋ።

“ወጥቶለታል” አለች ልጅቷ ጮክ ብላ። “ውሃም ጠጥቷል። ነገ ውሰዱት ብላለች።”

እትዬ ምስማር ወለሉ ላይ እንዳሉ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትከሻቸው ወረደ። ከዚያ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሱ።

“ባይወጣለትም አልሄድም ነበር። ቢሞት አልቅሼ ቀብሬው፣ ሌላ መርጬ እመጣ ነበር። ዳነ ብዬ አይደለም የምቀረው። ይሄ ይግባሽ።”

“ገብቶኛል።”

“በይ ከሻንጣው ላይ ተነሽ።”

ሻንጣውን ከፍተው የለቀሙትን ስፖንጅ በእቅፍ በእቅፍ ይጠቀጥቁት ጀመር። ልጅቷ ልትከለክል እጇን ዘረጋች፤ ትንሽ ቆይታ ከሶፋው ሥር የቀረውን ራሷ አወጣች። ዚፑ እምቢ ሲል በጉልበቷ ተጫነችው።

መንገድ ላይ ጣውላ ሻጩ አያት። መጋዙን አስቀመጠ።

“በቃ እትዬ ሊሄዱብን ነው?”

“ስፖንጁ ነው የሚሄደው” አለች ሻንጣውን ወደ ቆሻሻ መጣያው እየጎተተች። “እሳቸውን ከቻልክ አንተ አንቀሳቅሳቸው።”