መስኮት ያለው ምንሽር

ጣቴ የጠመንጃ ዘይት ይሸታል። ደጋግሜ በሳሙና ታጠብኩ፤ አልለቅ አለኝ። ይህ ሽታ ሲነካኝ ጉብዝናዬ ተመልሶ ይመጣል፤ ጉልበቴ ብቻ አብሮ አይመጣም።

ያን ጊዜ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ላንግሊ ፓርክ ከአንድ የጎጃም ልጅ ጋር በደባልነት እኖር ነበር። አንድ ቅዳሜ እዚያው አጠገብ አሌክሳንድሪያ ከተማ አሮጌ ዕቃ መሸጫ ገብቼ ምንሽር አየሁ። የጎኑ ብረት ተቆርጦ ሆድ ዕቃው ይታያል። ፀሐይ በቀዳዳው ገብታ ሞላውን ታበራው ነበር። ለካስ ወታደሮች የጠመንጃ አሠራር የሚማሩበት ኖሯል። እኔ ብልጡ ግን ዝገት የበላው መስሎኝ፣ "አስበይደዋለሁ" ብዬ ተሸክሜው ገባሁ።

"አንተ ጉደኛ!" አለ ደባሌ፣ ሆዱን ይዞ እየሳቀ። "ጠመንጃ ገዛሁ ብለህ መስኮት ይዘህ መጣህ?"

ይሳቅ። ቃታው ሲሳብ ውስጡ እንዴት እንደሚላወስ ማየት ሱስ ሆነብኝ። ጎናቸው የተከፈተ አሮጌ ጠመንጃዎች መሰብሰብ ያዝኩ። እኩዮቼ ትዳር ሲይዙ እኔ የማይተኩስ ጦር አደራጀሁ።

አንድ ክረምት ላይ የደባሌ አባት መርዶ መጣ። የመኖሪያ ወረቀቱ ገና ስላላለቀ ሄዶ መቅበር አይችልም። በአገሩ ደግሞ አባት ሲሸኝ የበኩር ልጅ ይተኩሳል። ቤታችን በለቀስተኛ ሞልቶ እሱ ዕንባ እንኳ አልወጣውም። ድንገት ቀና ብሎ፣ "ያንን መስኮትህን አምጣልኝ" አለኝ።

"ኧረ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራብናል!" አሉ አንድ ሽማግሌ።

"አይስጉ አባቴ፣ አይተኩስም" አልኩና አምጥቼ ሰጠሁት።

ደባሌ አቀባበለና አፈሙዙን ወደ ጣሪያው አድርጎ ቃታውን ሳበ። ቀጭ አለ። መርፌው ባዶ ላይ ሲመታ በጎኑ በኩል አየሁት። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ።

"ተሰምቷል ልጄ" አሉት። "በል አሁን አልቅስ።"

ያኔ አለቀሰ።

ለቀስተኛው ሲበተን ደባሌ፣ "እኔም ስሞት ትተኩስልኛለህ" አለኝ።

"መጀመሪያ ሙትና እናያለን" አልኩት። ቀልዴ እንደዚህ ነው፤ ቦታ አያውቅም።

ከስንት ዘመን በኋላ፣ ትናንት ያን የድሮ ደባሌን አሌክሳንድሪያ ቀበርነው። ልጆቹ ወግ ባለው እንግሊዝኛ አመሰገኑት፤ እኔ ግማሹን ሰማሁ። ከዚያ ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርትመንቴ ገብቼ ምንሽሩን ከግድግዳ አወረድኩ፣ ዘይት ቀባሁት፣ አቀባበልኩ፣ ወደ ጣሪያው አነሣሁት። ሳብኩ።

ምንም የለም።

ወደ ብርሃኑ አዞርኩት። ሞላው መሐል ለመሐል ተበጥሷል። ሌላ ጠመንጃ ሲከዳህ ምክንያቱን አይነግርህም፤ ይሄ ግን ቁልጭ አድርጎ አሳየኝ።

እንዳትስቅብኝ። አፈሙዙን እንደገና አነሣሁና፣ ሰው ሠራሽ ጥርሴ እያደናቀፈኝ፣ በገዛ አፌ "ቀጭ" አልኩለት። ከዚያ ባርኔጣዬን አውልቄ ቆምኩ።

ተሰምቷል የሚለኝ ሰው ግን ቤት ውስጥ አልነበረም።