የእህት ስንኝ

በእኛ አገር፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ለሞተ ሰው ሙሾ ሲወርድ የቅርብ ዘመድ ሁሉ የየራሱን ስንኝ ይሰጣል። አልቃሿ ተቀብላ ታዜመዋለች፣ ሴቶቹ ይመልሱላታል። በሩቅ ያለም ይልካል። የንስሐ አባቴ ሙሾ አይወዱም። ቢሆንም ወንድሜ የሞተ ዕለት እናቴ በስልክ፣ «የእህት ስንኝ ሳይባልለት እንዳይቀር» ስትለኝ እንቢ ማለት አልቻልኩም። ያለሁት ዓረብ አገር፣ ሰው ቤት ነው፤ ለለቅሶ የሚለቀኝ የለም።

ዳዊቴን ደግሜ፣ ልብስ እየተኮስኩ ገጠምኩ። አልቃሿ የእናቴ ጎረቤት ናት። ደውዬ አልኩላት፦

ቀሚሴን ጨብጦ ይከተለኝ ነበር፣
ምነው ዛሬ ቀድሞኝ ገባ ከመቃብር።

«ቤት ይመታል» አለችኝ። «ግን ይኼ ለሕፃን ነው፣ እታለም። እኛ የቀበርነው የሦስት ልጆች አባት ነው። ሰዉ ማን ሞተ ይለኛል።»

«ታዲያ ምን ልበል፣ እትየ?»

«ሙያውን ንገሪኛ። በምን ይታወቃል? ሲቆጣ ምን ይላል? ሲስቅስ?»

«አንቺ አታውቂውም?»

«እኔማ አጥር ላጥር ነኝ። ያንቺ ስንኝ ግን ካንቺ ነው የሚወጣ። ምነው፣ የዓረብ አገር ሙቀት ቃሉንም አደረቀብሽ?»

ከአገር ስወጣ ገና የወተት ጥርሱን እየነቀለ ነበር። በስልክም «ደኅና ነን» ይልና ለእናቴ ያቀብላታል። ሲቆጣ ሰምቼው አላውቅም። እስቲ ላስብበት አልኳት። አሰብኩ፤ የሚመጣልኝ ሁሉ ያው ቀሚስ የሚይዘው ልጅ ነው፤ ሌላ አልላክኩም።

በሣልስቱ የአጎቴ ልጅ ስልኳን ወደ ድንኳኑ አዙራ ያዘችልኝ። የወንድሜ ሚስት፣ ማለዳ ሲወጣ ልጆቹን እንዳይቀሰቅስ ጫማውን በእጁ ይዞ እንደሚሄድ ገጠመችለት። ይህን አላውቅም ነበር። ቀጥላ አልቃሿ «የእህቱ ነው» አለችና፦

ያለሁበት ሩቅ ነው፣ ወንዙ አያሻግርም፣
ወንድሜን ሲወስዱት አልደረስኩበትም።

የማንም ወንድም ሲሞት፣ ሩቅ ላለች እህት ሁሉ የሚባል ነው። ሴቶቹ ሳትጨርሰው ተቀበሏት፤ ያውቁታል።

ለቀስተኛው ሲበተን እናቴ ስልኩን ያዘች። ድምጿ አልቋል።

«ሸጋ አርገሽ ገጠምሽለት» አለችኝ። «ሰዉን ሁሉ አስለቀስሽው። ለአርባውም ሌላ ትልኪለታለሽ።»

«እሺ፣ እማየ» አልኳት።