«በሩን ዝጉ ነው የሚለው»

የካቲት አሥራ ዘጠኝ ቀን ነበር። ነበር? መምህሯ ሁልጊዜ የካቲት ነው ትላለች፤ መኪናው በእህቷ ግቢ በር ሲገባ የተማሪዎቿን የፈተና ወረቀት ጭኗ ላይ ዘርግታ ታርም ነበርና። የፈተና ወረቀት ግን በመጋቢትም ይታረማል። ጎረቤቷ ደግሞ «ኧረ ያኔ እኮ አቧራው ነበር፤ መስኮት መክፈት መች ይቻል ነበር?» ትላለች። እንዲህ ከሆነ መጋቢትም አልፎ ነበር ማለት ነው። ብቻ ሐሙስ ነበር። ሐሙስ መሆኑን ማንም አይከራከራትም። የእህቷ ባል፣ ሞላ፣ ከመሪው ኋላ ተቀምጦ ክላክሱን ነካ ነካ አደረገና ሚስቱን፣

«ሴትዮ፣ ውጪ! ጀልባሽ መጣ!» አለ።

ሞላ ስሙ አይደለም። ሥራው የመኪና ሞላና ሾክ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ መኪና ሥር ተኝቶ ከዚያ ሌላ ነገር ነክቶ አያውቅም። ሞተር እይልኝ የሚል ሰው ቢመጣ «እኔ ከወገብ በላይ አላክምም» ብሎ ይመልሰዋል። ስሙ እዚያው ጋራዥ ወጣለት፣ እዚያው ተጣበቀበት። ጓደኞቹ ሲያላግጡበት «ሞላ ይሉታል እንጂ አንድ ቀን ሞልቶለት አያውቅም» ይላሉ። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ ቀልዱ እውነት መሆኑን ከነሱ ይልቅ እሱ ያውቀዋል።

ጋራዡ ጣሪያው ዝገት የበላው ቆርቆሮ፣ መሬቱ ጥቁር ዘይት የጠጣ፣ ግድግዳው ላይ አሮጌ ሞላ እንደ እባብ ተጠምጥሞ የተሰቀለበት ነው። ሞላ መኪና ሲመጣለት ማሽን አያወጣም። መዳፉን የመኪናው ትከሻ ላይ ያሳርፍና ጫን አድርጎ ይለቃል፤ ጆሮውን ዘንበል አድርጎም ያዳምጣል። አንዳንዴ መዳፉም አያስፈልገውም፤ ገና በሩን ሲሻገር «የኋላ ግራውን ገድለኸዋል» ይለዋል ባለቤቱን። መምህሯ አንድ ቀን፣ እንደ ኬሚስትሪ አስተማሪ ወጉ እንዳይቀርባት፣ የሞላና የሾክን ልዩነት ጠይቃው ነበር።

«ሞላ ቂመኛ ነው፣ ቲቸር» አላት። «ጉድጓድ አይረሳም። አንዴ ከተመታ ሲዘል ይውላል። ሾክ ደግሞ ‹በቃ፣ አለፈ› የሚለው ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ የሌለው መኪና ከመንገዱ ጋር ሲጣላ ይኖራል።»

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ወገቧን ማመም ሲጀምራት ሁሉም ከመቀመጥ ብዛት ነው አሉ፤ እሷም አለች። ስትመረመር ካንሰር አከርካሪዋ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ሐኪሙ አጥንቷ ብል እንደበላው እንጨት ሆኗል አለ። የጨረር ሕክምና ታዘዘላት፤ ከከተማው ወዲያ ጫፍ ባለው ሆስፒታል፣ በየሥራ ቀኑ፣ ለብዙ ሳምንታት። ሳይቋረጥ ከተፈጸመ ሕመሙን ያስታግሳል፣ ዕድሜም ይጨምርላታል። «ካቋረጠችው ግን…» ብሎ ሐኪሙ ብዕሩን ከደነ።

የመጀመሪያውን ቀን፣ ለልኬት ብቻ፣ በታክሲ ሄዱ፤ ጨረሩ የሚጀመረው ወረፋ ሲደርሳት ነው። ከሆስፒታሉ በፊት አስፋልቱ የተገሸለጠ መንገድ አለ፤ እዚያ ሲደርሱ ሚስቱ ራሷን ሳተች። ሞላ በክንዱ ታቅፎ አስገባት። ሲመለሱ ቤት ገብቶ አልጋዋ ላይ ካሳረፋት በኋላ ነው «ከእንግዲህ እንዲህ አትሄጂም። ውሃ ላይ እንደምትሄጂ አድርጌ ነው የምወስድሽ» ያላት።

ጋራዡ ጥግ አንድ ነጋዴ ጥሎት የሄደ ትልቅ መኪና ነበር። በደህና ጊዜው እውነትም ውሃ ላይ የሚሄድ ዓይነት ነው። የተራ መኪና ሞላና ሾክ የለውም። በአየር በተሞሉ፣ በኮምፒውተር በሚታዘዙ አራት እግሮች ይቆማል፤ እግሮቹ መንገዱን እያዩ ራሳቸውን ያላላሉ፣ ያጠብቃሉ። ኋላ ግን ተራ በተራ ሞቱበት፤ መኪናውም እንደታመመ በሬ ሆዱ ላይ ተኛ። ነጋዴው ሌላ ገዛና «ለኔ ሬሳ ነው፤ ከፈለግህ ቅበረው» ብሎ ለሞላ ተወለት።

ሞላ እነዚያን እግሮች ያልፈለገበት የለም። ከሌላ መኪና ሬሳ የተነቀሉ ይመጡለታል፤ ሲገጥማቸው እነሱም ሬሳ ናቸው። በመጨረሻ ያን ሁሉ ነቅሎ ጣለና ተራ ሞላና ተራ ሾክ ሊያስገባ ቆረጠ። ልክ የሆነለት ሾክ ለከባድ መኪና የተሠራ፣ ደረቅ ያለ ነበር። «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» አለና ገጠመው። መኪናው ተነስቶ ቆመ። ያ ነው ሐሙሱ።

ሚስቱን ደግፎ ከኋላ አስቀመጣት፤ ትራስ በወገቧ፣ ትራስ በጎኗ። መምህሯ አጠገቧ ገባች። ሞላ ቁልፉን ሲያዞር ከዳሽቦርዱ ደወል ጮኸ፤ ቀይ ጽሑፍም ብልጭ አለ።

«ምንድን ነው የሚለው?» አለች ሚስቱ።

«በሩን ዝጉ ነው የሚለው።»

«ሚጢ፣ በርሽን እዪው እስቲ» አለች ወደ እህቷ ዞራ።

መምህሯ ከፍታ ዘጋችው። ደወሉ ደገመ።

«ዘጋችው እኮ!»

«ጠበቅ አድርጊዋ! የሀብታም መኪና ነው፣ ይሞላቀቃል።»

ጽሑፉ በባዕድ ቋንቋ ነው፤ መምህሯ ግን ታነበዋለች። ስለ በር አንዲት ቃል የለበትም። እግሮቼ አይሠሩም፣ ቀስ ብለህ ንዳ፣ ጋራዥ ውሰደኝ ነው የሚለው። ቀና ስትል የሞላ ዓይኖች መስታወቱ ውስጥ እየጠበቋት ነበር። በሩን እንደገና ከፈተችና በኃይል ዘጋችው።

«እንዲህ ነው እንጂ!» አለ ሞላ።

ለጥቂት ቀናት እንዲሁ በር ሲከፍቱና ሲዘጉ ሰነበቱ። የጋራዡ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ሽቦ የሚሉት ቀጭን ሰው፣ የመመርመሪያ ማሽኑን ሰክቶ መልእክቱን አጠፋው። ከግቢው ሳይወጡ ተመልሶ በራ። አጠፋው፤ በራ።

«ሲጠራቸው አይመልሱለትማ» አለ ሽቦ። «ነቅለህ ጥለሃቸዋል። የሌሉ ሰዎች ስም እየጠራ ነው የሚጮኸው።»

«ዝም አስብልልኝ። ሴትዮዋ ትሰጋለች።»

ሽቦ የስንዴ ፍሬ የሚያክሉ ነገሮች ከኪሱ አወጣና ድሮ እግሮቹ ይሰኩባቸው የነበሩ ገመዶች ጫፍ ላይ ቀጠላቸው። «አሁን ኮምፒውተሩ ‹አለህ?› ሲል እነዚህ ‹አለሁ፣ ደህና ነኝ› ይሉታል። እሱ ደግሞ ሞኝ ነው፣ ያምናል።» ቁልፉ ዞረ። ደወል የለም፤ ዳሽቦርዱ እንደ ጠራ ሰማይ ሆነ። ሽቦ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «በቃ፣ ባለትዳር አደረግኩልህ! ውስጡ እያረረም ሲጠይቁት ደህና ነኝ ነው የሚለው» አለ። ጋራዡ በሳቅ ተሞላ። የሐኪም ወረቀት ልትሰጠው ብቅ ያለችው መምህሯም ሳቀች። ሞላም ሳቀ፤ ግን ከሁሉም ዘግይቶ።

በማግስቱ ሚስቱ «ዛሬስ በሩ ተዘጋ» አለች ደስ ብሏት።

መንገዱ ግን ያው መንገድ ነው። ለከባድ መኪና የተሠራው ሾክ ትንሿን ጠጠር ሁሉ ወደ ላይ ያቀብላል። የተገሸለጠው አስፋልት ላይ ሲደርሱ ሚስቱ ከነጠላዋ ሥር የመምህሯን እጅ ትይዛለች፤ ጥፍሯ ቆዳ ይበሳል። ፊቷ ላይ ግን ምንም የለም። ፊቷን ልክ እንደምትተኩሰው ጨርቅ አለስልሳ ትይዘዋለች።

«እንዴት ነው ሴትዮ?» ይላል ሞላ ከፊት።

«ውሃ ላይ ነኝ። እንዳታሰጥመኝ ብቻ።»

መምህሯ አንድ ቀን፣ ሞላ ተሽከርካሪ ወንበር ሊያመጣ ሲሄድ፣ «እትዬ፣ እንዲህስ አይሆንም። ልንገረው» አለቻት።

«ምላስሽን እቆርጠዋለሁ።»

«ሌላ መላ ይፈልግ ነበር እኮ።»

«ምን መላ አለው? ሰውዬው ጀርባውን ብርድ እየመታው ሲሚንቶ ላይ የተኛው ለኔ ነው። አሁን ምንም አልጠቀምከኝም ልበለው? ሆድ ይፍጀው፣ ሚጢ። ሆድ የተፈጠረው ለምን ሆነና!»

ሆድ ፈጀው። ግን አንድ ነገር መምህሯን ይከነክናት ጀመር። ሞላ፣ ሚስቱ ደህና ነኝ እያለችው፣ መኪናውን መነካካት አልተወም። አንድ ጠዋት ጎማዎቹ ነፋሳቸው ጎድሎ መጣ። ሌላ ጊዜ የኋላ ሞላዎቹ ተለውጠው ነበር። ከዚያ ወንበሩ ሥር ስፖንጅ ገባ። ስትጠይቀው «መሪው አስቸግሮኝ ነው» አላት። ስፖንጅና መሪ ምን ያገናኛቸዋል? አነዳዱም እየዘገመ ሄደ፤ ከሆስፒታሉ በፊት ባለው መንገድ እግረኛ ይቀድማቸው ጀመር። አንድ የታክሲ ሾፌር ከኋላቸው ክላክስ ሲያንባርቅ ቆየና ጎን ለጎን ሲሆን አንገቱን አውጥቶ፣

«ሬሳ ነው እንዴ የጫንከው? ንዳው እንጂ!» ብሎ አለፈ።

ሚስቱ ናት ቀድማ የተናገረችው።

«ገና ናት በለው እንጂ፣ ምን አፍህን ትይዛለህ?»

ሞላ አልሳቀም። አንገቱ ከኋላ ሲታይ ደም ሥሩ ተገትሮ ነበር።

ከዚያ በኋላ በነበረው ሳምንት፣ ሕክምናው ገና እኩሌታው ሳይደርስ፣ ሚስቱ ተነስታ ለበሰች፣ ጫማዋን አደረገች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና «አልሄድም» አለች።

ሞላ ቁልፉን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል።

«ጨረሩ አቃጠለኝ» አለችው። «ሆዴን ያገላብጠኛል። ከዚህ በላይ አልችልም።» ስለ መንገዱ አንዲት ቃል አላነሳችም።

መምህሯ ሞላን አየችው። ይለምናታል፣ ይቆጣታል፣ ቢያንስ የሐኪሙን ቃል ያነሳባታል ብላ ጠበቀች። እሷም ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር፤ የእህቷ ዓይን መልሶ ዘጋው። ሞላ «እሺ» አለ። ጎንበስ ብሎ የሚስቱን ጫማ አወለቀላት። እግሮቿን በመዳፉ ይዞ ትንሽ ቆየና ወጣ። በመስኮት ሲታይ መኪናው ውስጥ ገብቶ ከመሪው ኋላ ተቀምጧል። ሞተሩን አላስነሳም። ወዴትም አልሄደም። እንዲሁ ተቀምጦ እኩለ ቀን ሆነ።

ክረምቱ ሲገባ ሞተች። ከአልጋዋ ሳትወርድ፣ በማስታገሻ እየተንሳፈፈች፣ ሰው እያየች ሰው ሳትለይ። ከመጨረሻዎቹ ቀናት በአንዱ ሞላን «አንተ ሰው፣ ምሳ በልተሃል?» አለችው፤ በልቻለሁ አላት። አልበላም ነበር።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ መምህሯን እንቅልፍ የነሳት ሞት ብቻ አይደለም። ያ ሰው ገና መኪና በር ሲሻገር የታመመውን እግር በጆሮው የሚለይ ሰው ነው። በዚያ መንገድ ላይ፣ በዚያ ወንበር ላይ፣ እያንዳንዱ ጉድጓድ በእሱም አከርካሪ አልፏል። እንዴት አላወቀም? ካወቀስ፣ ያን «እሺ» ያለው ለምን ነበር? ሦስት ሰዎች በአንድ መኪና ተቀምጠው እርስ በርስ ሲደባበቁ ከረሙ ማለት ነው? ልጠይቀው ትላለች፤ ካላወቀ ጥያቄዋ ራሱ ይነግረዋል ብላ ትፈራለች። እሷ እንዲህ ስታመነታ፣ ሞላ ለካስ ሩቅ አገር መንገድ የሚሠራ ድርጅት የከባድ መኪና ሞላ ሠሪ ሲፈልግ ተመዝግቧል።

ሊሄድ ሲል ድርጅቱ በላከው የጭነት መኪና ወደ መምህሯ ቤት መጣ፤ የሚስቱን የስፌት መኪና ተሸክሞ። መስኮቱ ሥር አስቀመጠው፤ ተንበርክኮ ዘይት ጠብ ጠብ አደረገበት፤ መዘውሩን በጣቱ አዞረው። ከስቷል። ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቶታል።

«እኔ መስፋት አልችልም እኮ፣ ጋሼ።»

«አትስፊ። ዘይት አጠጫት፤ አለዚያ ትደርቃለች።»

«ቁጭ በል፣ ሻይ ላፍላ።»

ቁጭ አለ። መምህሯ ወጥ ቤት ገብታ ውሃውን ጣደች። ቆማ ቃሉን ትመርጥ ጀመር። «ታውቅ ነበር?» ማለት ክስ ይመስላል። «ይሰማህ ነበር?» ይሻላል። እሱንም አለዘበችው፤ «ጋሼ፣ ያኔ መንገዱ ይሰማህ ነበር?» እንዲህ ብትለው እውነቱን ሊነግራትም፣ ሊዋሻትም መንገድ ትተውለታለች። በከንፈሯ እየደጋገመችው ሳለ ውሃው መንሾካሾክ ጀመረ።

ከውጭ የሾፌሩ ድምፅ ተሰማ፤ «ወንድሜ፣ እንሂድ እንጂ! መንገዱ ሩቅ ነው!»

«መጣሁ!» አለ ሞላ።

ጠብቀኝ ማለቱ መሰላት። ብርጭቆዎቹን አለቀለቀች፣ ስኳሩን ፈለገች። ስትወጣ ወንበሩ ባዶ ነው። ብርጭቆውን እንደያዘች ወደ መንገዱ ሮጠች። የጭነት መኪናው ከማዕዘኑ ደርሶ ይታጠፋል፤ ሞላ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ ፊት ለፊት ያያል።

«ጋሼ!» አለች።

ሞተሩ ድምፅዋን ዋጠው።