እማማ ሃሎ እና ልበ ደረቋ ልጅ

እማማ ሃሎ ጡረታ ሲወጡ ቤቱ ጭር አለባቸው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው የሰውን ስልክ ሲያገናኙ ኖረዋል፤ የሰው ድምፅ ካልሰሙ ቀኑ የዋለ አይመስላቸውም። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን ሰፈራቸው ወዳለው የሕፃናት ማሳደጊያ ብቅ እያሉ ልጆቹን ያጫውቱ ጀመር። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸውም ልጆቹ ናቸው፤ ሲጠሯቸው «ሃሎ» ብለው ነበር የሚመልሱት።

የማሳደጊያው ኃላፊ ጨዋታ የማይሆንላትን አንዲት ልጅ ሰጠቻቸው። ሰባት ዓመቷ ነው፣ ዘመድ የላትም፣ ከጥቂት ቃላት በቀር አትናገርም።

«ልበ ደረቅ ናት፤ ቢጠሯት አትመጣ፣ ቢያዟት አትታዘዝ። እስቲ እርስዎ ይሞክሯት።»

እማማ አራት ወር ተረት አነበቡላት። ልጅቷ ዓይኗን ከአፋቸው ሳትነቅል ትቀመጣለች፤ እሳቸው ሲስቁ ትስቃለች። ተረቱ የገባት መስሏቸው ደስ አላቸው።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት ከማሳደጊያው ሞግዚቶች አንዷ የብረት ሳህኖች ተሸክማ ስታልፍ አዳለጣትና ሁሉንም ሲሚንቶው ላይ ለቀቀችው። አዳራሹ ተናጋ። ሕፃናቱ አለቀሱ፤ እማማም ከድንጋጤ ብዛት መጽሐፉን ጣሉት። ልጅቷ ጀርባዋን ለሳህኖቹ እንደሰጠች፣ ፊቷ ቅንጣት ሳይለወጥ፣ መጽሐፉን አንስታ አቀበለቻቸው።

እማማ ክው አሉ። አፋቸውን በመጽሐፉ ከልለው ስሟን ጠሩ። ደግመው ጠሩ። ልጅቷ መጽሐፉ ዝቅ እስኪል ዝም ብላ ትጠብቃለች።

«ምነው እማማ፣ አመመዎት እንዴ?» አለች ሞግዚቷ ሳህኖቹን እየለቀመች።

«ይቺ ልጅ አትሰማም» አሉ። «የኔ ሥራ መስማት ነበር። አራት ወር ሙሉ አጠገቧ ቁጭ ብዬ...»

ኃላፊዋ ነገሩን ስትሰማ የልጅቷን ፋይል አወጣች። ሦስት ዓመት ሙሉ የተጻፈው «ትእዛዝ አትቀበልም» የሚል ብቻ ነው። የተቀጣችባቸው ቀኖችም ተመዝግበዋል። እማማ ገጹን አንብበው መጨረስ አቃታቸው።

የመረመራት የጆሮ ሐኪም ግራ ጆሮዋ ጭራሽ እንደማይሰማ፣ ቀኙ ግን በመስሚያ መሣሪያ እንደሚረዳ ነገራቸው። መሣሪያው የተገጠመላት ዕለት ወንበር ሲጎተት ሰምታ እማማ ጉያ ውስጥ ተሸጎጠች። እማማ ጀርባዋን አሻሹላት።

ዛሬም ማሳደጊያው በር ላይ ሲደርሱ ያ የቅጣት ገጽ ፊታቸው ድቅን ይላል። ልጅቷ ቂም የያዘች አትመስልም። ጫጫታ ሲበዛባት መሣሪያውን ነቅላ ኪሷ ትከተዋለች፤ ማንም ምንም አይላትም።