የአማቴ ጉርሻ በሱሺ ቤት

አፌ ሞልቶ፣ ዓይኔ እንባ እያፈሰሰ፣ የወደፊት አማቴ «አንድ ጉርሻ ያጣላል!» ብለው ሁለተኛውን ሲያዘጋጁ አየሁ።

ዛሬ እጮኛዬ ሳራ ከአባቷ ከጋሽ ግርማ ጋር ልታስተዋውቀኝ ነበር። ብሉር ጎዳና ላይ ያለውን የጃፓኖች ሱሺ ቤት ቡክ ያደረግኩት እኔው ነኝ። ጥፋቱ የራሴ ነው።

ጋሽ ግርማ እኔን ወደ ግድግዳው ጥግ አስገብተው ከጎኔ ተቀመጡ። መውጫ የለም።

ሳህኑ ጫፍ ላይ ያለውን አረንጓዴ ነገር ሲያዩ ፊታቸው በራ። «እነዚህም ዳጣ አላቸው እንዴ! እኔን ጨጓራዬ ከልክሎኛል፣ አንተ ብላልኝ።»

አፍንጫ የሚሰነጥቀው ዋሳቢ መሆኑን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ለጉርሻ የከፈትኩት መሰላቸው።

ግማሹን ዋሳቢ አንድ ሱሺ ላይ ለቅልቀው አጎረሱኝ። የአማት ጉርሻ ደግሞ አይተፋም። ሳራን በዓይኔ ተማጸንኳት። «ጀስት ስዋሎው ኢት፣ በቃ ዋጠው» አለችኝ። አይ ፍቅር!

ሁለተኛውንም ዋጥኩ። እንባዬ ጉንጬ ላይ ሲወርድ የጋሽ ግርማም ዓይን እንባ አቀረረ።

«አየሽ ሳራ፣ በጉርሻ የሚያለቅስ ልጅ! እንዲህ ሆደ ቡቡ ነው ለካ! በቃ፣ መርቄያችኋለሁ።»

ተገላገልኩ ብዬ ሳልጨርስ ትከሻዬን አቀፉኝ። «ከእንግዲህ እሁድ እሁድ እዚሁ ነን። የማጎርስህም እኔው ነኝ።»

እውነቱን ብነግራቸው ያለቀስኩበት ፍቅር ውሸት ሊሆን ነው። ዝም ብል እሁድ አለ።

እናንተስ እምቢ ማለት አቅቷችሁ ምን ዋጣችሁ? እንዴትስ አመለጣችሁ? እባካችሁ እሁድ ሳይደርስ ጻፉልኝ።